የባሕር ካያክ ጉዞ ለማቀድ የትኛው የካርታ አፕ ይሻላል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከሲያትል ነው። ዕድሜዬ 27 ነው። ባለፈው ሰመር ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ካያክ መቅዘፍ ተማርን፤ ዘንድሮ ደግሞ ያገለገሉ ካያኮች ገዛን። እስካሁን የቀዘፍነው ዳር ዳሩን ነው። አሁን ከአልካይ ተነስተን ብሌክ ደሴት ላይ አንድ ሌሊት ለማደር አስበናል። ከዚያ ስንደፍር ወደ ሳን ዋን ደሴቶች እንሄዳለን። አንዱ ጓደኛችን “ጉግል ማፕ ይበቃል” ይላል። ሌላው በየዓመቱ የሚከፈልበት የጀልባ አፕ ካልገዛን ብሎ ድርቅ ብሏል። እኔ ደግሞ አፖቹን ሳያቸው ብዛታቸው ግራ አጋባኝ። አቅማችን ውስን ነው። የትኛውን እንያዝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመግዛታችሁ በፊት በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል። እኔ የምኖረው ታኮማ ነው። ካርታ መሥራት እንጀራዬ ነው፤ በሥራ ቀን የውሃ ቧንቧ መስመር ካርታ ስሠራ እውላለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ እናንተ የምትቀዝፉበትን ያንኑ የባሕር ወሽመጥ፣ ፒውጀት ሳውንድን እቀዝፋለሁ። ስለዚህ ጥያቄህ የምወደውን ነገር ነው የነካው፤ መልሴ ቢረዝም ታገሠኝ።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። አፕ ስትመርጥ የካርታውን ማማር ተወው። “የፊታችን ቅዳሜ፣ በዚህ ሰዓት፣ እዚህ ቦታ ላይ ውሃው ወዴት እየፈሰሰ ነው? ምን ያህል ሞልቷል?” ብለህ ጠይቀው። ይህን የሚመልስልህ አፕ ለካያክ ይሆናል። ባለ ሞተር ጀልባ ፍሰቱን ገፍቶ ይሄዳል፤ እናንተ አትችሉም። ሰው ሳይደክመው የሚዘልቀው በሰዓት 3 የባሕር ማይል ገደማ ነው፤ 5 ኪሎ ሜትር ተኩል መሆኑ ነው። ውሃው በሰዓት 4 ማይል ወደ አንተ የሚፈስ ከሆነ እየቀዘፍክ ወደ ኋላ ትሄዳለህ።

ከጉግል ማፕ ልጀምር። እስከ አልካይ የመኪና ማቆሚያ ድረስ የሚያህለው የለም። ከዚያ ወዲያ ግን ውሃው በሙሉ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ነው። ጥልቀት የለ፣ ድንጋይ የለ፣ የመርከብ መስመር የለ። ሰዓት ጭራሽ የለበትም። ጓደኛህን በትሕትና እምቢ በለው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ ትክክለኛው የባሕር ካርታ በነጻ ነው የሚገኘው። የአገሪቱ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ በአጭሩ ኖአ፣ የኤሌክትሮኒክ የባሕር ካርታዎቹን ማንም እንዲያወርዳቸው ክፍት አድርጓል። የድሮዎቹን የወረቀት ካርታዎች ግን በፈረንጆቹ 2019 “ላቆም ነው” ብሎ ቀስ በቀስ ሲያነሳቸው ቆይቶ በ2024 መጨረሻ ገደማ ጨርሷል። ይህ ለእናንተ ምን ያገባችኋል? ያገባችኋል። አንዳንድ አፕ ዛሬም የሚያሳየው የእነዚያን የቆሙ ካርታዎች ምስል ነው። እውነቱን ለመናገር መልካቸው ያምራል፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን ከቆሙ ወዲህ የተነሳ ተንሳፋፊ ምልክት ወይም የተቀየረ መብራት አይታይባቸውም። ስለዚህ አፑ ካርታውን ከየት እንደሚያመጣና መቼ እንዳደሰው ሳታይ ካርድህን አታውጣ።

ኖአ ሌላም ነገር አለው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። በድረ ገጹ ላይ የራስህን ካርታ የምትሠራበት መሣሪያ አለ። መሐሉን ብሌክ ደሴት ላይ ታደርጋለህ፣ መጠኑን ትመርጣለህ፣ ፒዲኤፍ ሆኖ ይወርድልሃል። ለካያክ 1 ለ40,000 ጥሩ ነው። በዚህ መጠን ወረቀቱ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ማለት ውሃው ላይ 400 ሜትር ነው። ስታትመው ፕሪንተሩ “ከገጹ ጋር ላስተካክለው” ካለህ እምቢ በለው፤ አለዚያ መጠኑ ይዛባል። በማስመሪያ የለካኸው ርቀትም ሐሰት ይሆናል።

ካርታውን እንዴት ታነበዋለህ? አሁን ብሌክ ደሴትን ከፍተህ ዳርቻውን አጉላው። በኖአ የተለመደ አሣሣል ቢጫ የሚመስለው የብስ ነው፤ ነጩ ጥልቅ ውሃ፣ ሰማያዊው ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው። በየብሱና በሰማያዊው መካከል አረንጓዴ ቀበቶ ታያለህ። እሱን ልብ በል። ውሃው ሲሞላ ባሕር የሚሆን፣ ሲጎድል ደግሞ ጭቃና ድንጋይ ሆኖ የሚገለጥ መሬት ነው። ቀበቶው ሰፊ በሆነበት ቦታ በጉድለት ሰዓት ከደረስክ የተጫነ ካያክ ተሸክመህ ረጅም መንገድ ትሄዳለህ። በሲያትል አካባቢ ውሃው በአማካይ ቀን ከ3 ሜትር በላይ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በአንዳንድ ቀናት ከ4 ሜትር ያልፋል። ጥልቀቱን የሚናገሩት ቁጥሮች ሜትር ይሁኑ ፊት ወይም ፋተም፣ ከሁሉ አስቀድመህ አረጋግጥ። አንድ ፋተም 6 ፊት ነው፤ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ኖአ የሙላትና የጉድለት ሰዓት ብቻውን፣ የፍሰት ሰዓት ደግሞ ብቻውን የሚያሳዩ ሁለት የተለያዩ ሰንጠረዦች አሉት። ጀማሪ አንዱን አይቶ ሌላውም የገባው ይመስለዋል። “ከፍተኛው ሙላት 4 ሰዓት ላይ ነው፤ እንግዲያው ውሃው 4 ሰዓት ላይ ይቆማል” ይላል። ብዙ ቦታ ላይ እንዲህ አይደለም። ውሃው ከፍ ማለቱን ጨርሶም በጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ መፍሰሱን ሊቀጥል ይችላል። ለካያክ የምትፈልገው ፍሰቱ የሚቆምበትን ሰዓት ነው፤ እሱ ያለው በፍሰት ሰንጠረዡ ላይ ብቻ ነው። አፕ ስትመርጥ ሁለቱንም ለይቶ ያሳይ እንደሆነ፣ ደግሞም የዛሬውን ብቻ ሳይሆን የሚመጣውን ቅዳሜ ማየት ይቻል እንደሆነ ሞክረው።

በራሳችሁ ጉዞ ላይ ልሞክረው። ከአልካይ ጫፍ እስከ ብሌክ ደሴት ሦስት ማይል ተኩል ገደማ ነው። በ3 ኖት ፍጥነት፣ ማለትም በሰዓት 3 የባሕር ማይል፣ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ትቀዝፋላችሁ። ፍሰቱ ቀላል ነው፣ ግማሽ ኖት ብቻ በጎን ይገፋችኋል እንበል። ደሴቱ ላይ አፍንጫችሁን ደቅናችሁ ብትቀዝፉ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ጎን ትወሰዳላችሁ። ደሴቱ ራሱ ትንሽ ነው። ስለዚህ የፍሰቱን አቅጣጫና መጠን ቤት ሳላችሁ ታዩታላችሁ፣ ከመነሻው ትንሽ ወደ ፍሰቱ መምጫ አዘንብላችሁ ትቀዝፋላችሁ። ሒሳቡ በእርሳስ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

በዚያው መሻገሪያ ላይ የመርከብ መስመር አለ። ካርታው ላይ በሐምራዊ መስመር ተሥሏል። በሰሜን በኩል የብሬመርተን ፌሪ ያልፋል፤ በደቡብ ደግሞ ከፎንትለሮይ ወደ ቫሾንና ሳውዝወርዝ የሚመላለሰው አለ። በ18 ኖት የምትመጣ መርከብ 5 ማይል ርቃ ብታያት 17 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አጠገብህ ናት። ማሪን ትራፊክን የመሰሉ የመርከብ መከታተያ አፖች ከቤት ሆኖ የቦታውን ልማድ ለማጥናት ግሩም ናቸው። ከመሄዳችሁ በፊት ባሉት ቀናት፣ ልትሻገሩ ባሰባችሁበት ሰዓት ከፍተህ ተመልከት። ውሃው ላይ ግን አትመኑባቸው። ኢንተርኔት ይፈልጋሉ፤ የሚያሳዩትም ቦታ ከመርከቧ ወደ ኋላ ሊዘገይ ይችላል። ደግሞም አፖቹ የሚከታተሉትን ምልክት የሚልከውን መሣሪያ የመያዝ ግዴታ ያለባቸው በተለይ ትልልቆቹ ናቸው፤ ትናንሾቹ ጀልባዎች ብዙዎቹ አይታዩም፤ የእናንተም ካያክ ለማንም አይታይም። የመርከብ መስመሩን በአጭሩ፣ ቀጥ ብላችሁ፣ አራታችሁም ተጠጋግታችሁ ተሻገሩ።

ስለ ፍሰት አንድ የምወደውን ምሳሌ ልጨምር። ከቫሾን ደሴት በስተምዕራብ ያለው ኮልቮስ መተላለፊያ ጠባዩ ለብቻው ነው። ውሃው ሲሞላም ሲጎድልም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰሜን ነው የሚፈሰው። በደሴቱ ምሥራቅ በኩል የገባው ውሃ ዞሮ በምዕራብ በኩል ይወጣል። ካርታውን ብቻ ያየ ሰው ከብሌክ ወደ ታኮማ በኮልቮስ መውረድ እንደማንኛውም መንገድ ይመስለዋል። ቀኑን ሙሉ ሲታገል ይውላል። እኔ ከታኮማ፣ ከኦወን ቢች ተነስቼ በኮልቮስ ወደ ሰሜን ስሄድ ግን ውሃው ራሱ ይሸኘኛል። አንድን አፕ ለመፈተን ስፈልግ የምከፍተው ይህንኑ ቦታ ነው። የኮልቮስን ፍሰት ሙላትና ጉድለትን ተከትሎ ወዲያና ወዲህ እኩል የሚያመላልስ አፕ፣ ፍሰቱን ከሙላት ሰዓት ላይ ገምቶ ነው እንጂ ከትክክለኛ ትንበያ አላመጣውም ማለት ነው።

ሳን ዋን ስትደርሱ ይህ ሁሉ ይብስባችኋል። በመንገዳችሁ ያለው ዲሴፕሽን ፓስ የተባለው ጠባብ መተላለፊያ ፍሰቱ እስከ 8 ኖት ይደርሳል። ውሃው የሚያርፍበት ጊዜም በጣም አጭር ነው። አሁን ባላችሁበት ደረጃ እዚያ አትግቡ። አደራ።

ወደሚከፈልባቸው እንሂድ። ናቪዮኒክስ በጀልበኞች ዘንድ ስሙ የገነነ ነው፤ ከ2017 ጀምሮ የጋርሚን ንብረት ሆኗል። የጥልቀት ዝርዝሩ ጥሩ ነው። ሙላትን፣ ጉድለትንና ፍሰትን ካርታው ላይ ያመጣልሃል። ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ክፍያው ዓመታዊ ነው። ለአራት ሰው አራት መግዛት አያስፈልጋችሁም፤ ሁለታችሁ ብትይዙት አንዱ ስልክ ቢበላሽ ሌላው አለ።

ነገር ግን ናቪዮኒክስም ሆነ ሌሎቹ የጀልባ አፖች “መንገዱን እኔ ላውጣልህ” የሚል አገልግሎት አላቸው። እሱን ተዉት። አፑ መንገዱን የሚያወጣው የጀልባህ ሆድ ውሃ ውስጥ ምን ያህል እንደሚጠልቅ አስልቶ ነው። የተሠራው ለባለ ሞተርና ለባለ ሸራ ነው። የአንተ ካያክ የአንድ ስንዝር ውሃ ይበቃዋል። አፑ ግን ከዳር አርቆ፣ መሐል ለመሐል፣ መርከቦቹ በሚሄዱበት ይወስድሃል። ካያክ ግን ዳሩን ይዞ፣ ከነፋሱ ተከልሎ፣ ሲደክመው መውጫ አጠገቡ ሆኖ ነው የሚሄደው። መስመሩን ራሳችሁ በጣታችሁ አውጡ።

ላፕቶፕ ካለህ ኦፕን ሲፒኤንን አውርድ። ነጻ ነው፤ የኖአን ካርታዎች ይቀበላል። መልኩ ደረቅ ያለ ነው፤ ለመልመድም አንድ ምሽት ይፈልጋል። አራታችሁ አንድ ትልቅ ስክሪን ከብባችሁ ስታቅዱ ግን እንደሱ የሚመች የለም። ያወጣችሁትን መስመር በጂፒኤክስ ፋይል አስቀምጣችሁ ወደየስልካችሁ ትልካላችሁ። እግረ መንገዴን፣ ጂፒኤክስ የማያስወጣ አፕ አትግዙ። ሥራችሁን እዚያው ቆልፎ ያስቀረዋል።

የት እንደምትወጡስ? ይህን የባሕር ካርታ በደንብ አይነግራችሁም። እኔ ጉግል ኧርዝን ከፍቼ የቆዩ ምስሎችን ወደ ኋላ አገላብጣለሁ። ከመካከላቸው ውሃው ጎድሎ ሳለ የተነሳውን ስታገኝ ጠጠሩና ጭቃው ፍንትው ብሎ ይታያል። የዋሽንግተን ስቴት የኢኮሎጂ መሥሪያ ቤት ደግሞ የባሕር ዳርቻውን ከአውሮፕላን በጎን ያነሳቸውን ፎቶዎች በኢንተርኔት ካርታው ላይ አስቀምጧል። ገደሉን፣ የወደቀውን ግንድ፣ የሰው ቤት ደረጃውን ሁሉ ታያለህ። የሰው ቤት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በዋሽንግተን አብዛኛው የባሕር ዳርቻ፣ ያ ውሃ የሚመላለስበት አረንጓዴ ቀበቶ ጭምር፣ የግል ንብረት ነው። ደክሞህ የወጣህበት ባዶ የሚመስል ዳርቻ ባለቤት ሊኖረው ይችላል። ለማደሪያ ከ1993 ጀምሮ የተዘረጋውን የካስኬዲያ የባሕር መንገድ ተከተሉ። ከኦሎምፒያ አንስቶ እስከ ካናዳ ድንበር ድረስ በመቅዘፊያና በሸራ ለሚጓዙ የተለዩ ማደሪያዎች አሉት። ብሌክ ደሴትም አንዱ ነው።

ማታ ድንኳን ስትተክሉ የሌሊቱን ከፍተኛ ሙላት ሰዓትና ከፍታ አፑ ላይ እዩ። ካያኮቹን ከግንዱ ክምር በላይ አውጥታችሁ እሰሩ። ጠዋት ተነስታችሁ ደሴት ላይ ያለ ጀልባ እንዳትቀሩ።

አሁን የእኛን ሰው ብቻ የሚመለከት ነገር አለ። የሰዓት አቆጣጠር። አፑ “9” ያለውን አንዳችሁ “3 ሰዓት” ብሎ ለጓደኛው በስልክ ይነግረዋል። ሌላው እዚህ ያደገ ከሆነ “3” ሲባል በፈረንጆቹ ከሰዓት በኋላ 3 መስሎት ይመጣል። በሌላ ቦታ ቡና ይቀዘቅዝ ይሆናል፤ እዚህ ግን የስድስት ሰዓት ልዩነት ማለት ፍሰቱ ተገልብጦ በተቃራኒው እየሄደ ነው ማለት ነው። ዕቅዱ ላይ ሰዓት ስትጽፉ ሁልጊዜ በፈረንጆቹ፣ ጠዋትና ከሰዓት ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ። ይህ ብቻ አይደለም። የኖአ ሰንጠረዥ ሰዓቱን በሦስት ዓይነት ሊያሳይህ ይችላል፦ የሰመሩ የአንድ ሰዓት ለውጥ የታከለበት፣ ለውጡ ያልታከለበት፣ ወይም የግሪንዊች። የትኛው እንደተመረጠ ከላይ ተጽፏል። የአንድ ሰዓት ስሕተት ጠባብ መተላለፊያ ላይ ብዙ ነው።

ስለ ስልኩ። የጨው ውሃ የነካው ስክሪን ጣትን አይለይም፤ ውሃው ራሱ ጣት ይሆንበታል። የፒውጀት ሳውንድ ውሃ በሰመርም ቀዝቃዛ ነው፤ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ስክሪን ማጉላት ያቅተዋል። ስለዚህ ስልኩ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ሆኖ ከሕይወት ጃኬታችሁ ጋር ይታሰር፤ ፊት ለፊታችሁ፣ በካያኩ ላስቲክ ሥር የሚሆነው ግን ያተማችሁት ወረቀት ነው። በግልጽ ላስቲክ ከረጢት ይታሸግ። አቅጣጫውንና የፍሰቱን ሰዓት በማይለቅ እስክሪብቶ ጻፉበት። ኮምፓስም ያዙ። እዚህ አገር የኮምፓሱ መርፌ ከእውነተኛው ሰሜን ወደ 15 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፤ አፑ ዲግሪ ሲሰጣችሁ የትኛውን ሰሜን ይዞ እንደሆነ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ አረጋግጡ። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ብታደርጉት ጂፒኤሱ ይሠራል፣ ባትሪውም ይቆያል። ይህን ሐሙስ ማታ ሳሎናችሁ ውስጥ ሞክሩት። ኢንተርኔቱን አጥፍታችሁ አፑን ስትከፍቱ ካርታው ካልመጣ ሳታወርዱት ቀርታችኋል።

ሳን ዋን ስትሄዱ ደግሞ በምዕራብ በኩል ስልካችሁ የካናዳን ኔትወርክ ሊይዝ ይችላል። ኤርፕሌን ሞድ ለዚያም ይጠቅማል።

እንግዲህ ኪሳችሁን አስቤ ስመልስልህ፦ የኖአ ካርታ ታትሞ፣ የኖአ የፍሰት ሰንጠረዥ፣ ላፕቶፕ ላይ ኦፕን ሲፒኤን፣ ለነፋስ ደግሞ ዊንዲ የተባለው የትንበያ አፕ። እነዚህ ሁሉ ያለ ክፍያ ይሠራሉ። በዚህ ብሌክ ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። የሚከፈልበትን ሳን ዋን ለመሄድ ስትወስኑ ግዙ። ከአፕ የሚተርፋችሁን ገንዘብ ውሃ በማይገባው በእጅ የሚያዝ ሬዲዮ ላይ አውሉት። ቻናል 16 የአደጋ ጥሪ ነው። ዕቅዳችሁን፣ መስመሩንና የምትመለሱበትን ሰዓት ጽፋችሁ የብስ ላይ ለሚቀር ሰው ስጡ። እኔ ለባለቤቴ የምሰጣት ያንኑ የታተመ ካርታ ሁለተኛ ቅጂ ነው፤ “እስከዚህ ሰዓት ካልደወልኩ የባሕር ጠባቂዎቹን ጥሪ” የሚል ከታች ተጽፎበት።

ጥያቄ፦ እኔ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምኖረው ስቶክሆልም ነው። እኛ ጋ ባሕሩ አይሞላም አይጎድልም። ታዲያ ለእኔ ተራ ካርታ አይበቃም ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ልክ ነዎት፤ ባልቲክ ላይ ሙላትና ጉድለት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የውሃው ከፍታ የሚለዋወጠው በነፋስና በአየር ግፊት ነው። ስለዚህ ለሲያትሉ ወንድማችን የነገርኩት የሰዓት ነገር እርስዎን ብዙም አይመለከትም።

የእርስዎ ችግር ሌላ ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ደሴቶች አሉ፤ ከውሃው ላይ ሆነው ሲያዩዋቸው ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ ዝርዝር ካርታና “አሁን የት ነኝ” የሚለውን በትክክል የሚያሳይ አፕ ያስፈልግዎታል። ከዚያ በላይ ግን አፑ የወፍ መጠለያ ክልሎችን ማሳየቱን ያረጋግጡ። በእነዚህ ክልሎች መውጣት ብቻ አይደለም፣ መጠጋትም ክልክል ነው። ብዙውን ጊዜ ክልከላው ከየካቲት 1 እስከ ነሐሴ 15 በፈረንጆቹ ነው፤ እንደ ቦታው ስለሚለያይ ምልክቱን ያንብቡ። ለመራመጃ የተሠሩ ካርታዎች ይህን ሁልጊዜ አያሳዩም። የስዊድን የባሕር አስተዳደርን ካርታ የሚጠቀም አፕ ይምረጡ። የወታደር ክልሎችንም እዚያው ያገኟቸዋል። ከልጆች ጋር ስለሆኑ ደግሞ ክፍት ውሃ የሚሻገሩበትን ርቀት ይለኩ፤ ከደሴት ደሴት አጭር አጭሩን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው፤ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ልጄ ከጀርመን ሲመጣ በአየር የሚነፋ ካያክ ይዞ ሊመጣ ነው። ጣና ላይ ልቅዘፍ ይላል። የባሕር ካርታ ያለው አፕ አለኝ ብሎኛል። ጣናን ያውቀዋል ወይ?

መልስ፦ ጋሼ፣ አያውቀውም። የጀልባ አፖቹ ጥልቀት የሚያመጡት በአብዛኛው የባሕር ካርታ ከሚያወጡ መሥሪያ ቤቶች ነው፤ ልጅዎ ጣናን ቢከፍት አብዛኞቹ ላይ ባዶ ሰማያዊ ነው የሚያገኘው። ሰማያዊውን አይቶ “ምንም እንቅፋት የለም” እንዳይል ይንገሩት። አፑ መረጃ የለውም ማለት ነው እንጂ ውሃው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ለዚህ የሚሻሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ኦርጋኒክ ማፕስ ነው። ነጻ ነው፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ደሴቶቹና ዳርቻው አሉበት። ሁለተኛው የአውሮፓ የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል ነው። በኮፐርኒከስ ድረ ገጽ በነጻ ይታያል፤ በአምስት ቀን አንድ ጊዜ ገደማ አዲስ ምስል ይመጣል። የጉግል ምስል ዓመት ያለፈው ሊሆን ይችላል፤ ይሄኛው የሰሞኑ ነው። በክረምት ደመናው ስለሚሸፍነው አያስመካም፤ ከጥቅምት ወዲህ ግን ጥርት ይላል። እምቦጩ በተለይ በሰሜን ምሥራቅ በኩል አረንጓዴ ምንጣፍ ሆኖ ይታይበታል። ካያክ እዚያ ውስጥ ከገባ መቅዘፊያው አይላወስም።

የጣናም ውሃ እንደ ወቅቱ ነው። ክረምቱ ሲያልቅ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፤ ሰኔ ሲገባ ይጎድላል። በጥቅምት በላዩ የታለፈ ድንጋይ በግንቦት ይገለጣል። ሐይቁ ከትልቅነቱ ጋር ሲተያይ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ ከፍተኛው 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ነፋስ ሲነሳ ቶሎ ይታወካል፤ ማዕበሉም አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። በአየር የሚነፋ ካያክ ደግሞ ቀላል ስለሆነ ነፋሱ እንደፈለገ ይነዳዋል።

ጉማሬውን ካርታ አይነግረውም። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል እንዳይሄድ አደራ ይበሉት። ከመውጣቱ በፊት በየቀኑ በታንኳ የሚመላለሱትን ሰዎች ያነጋግር፤ የትኛው ዳርቻ ላይ ጉማሬ እንዳለ፣ ነፋሱ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ እነሱ ናቸው የሚያውቁት። የነገሩትን ቦታ ኦርጋኒክ ማፕስ ላይ ምልክት አድርጎ ያስቀምጠው፤ ፋይሉንም ለእርስዎ ስልክ ይላክልዎ። ነፋሱ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ፣ ለመጀመሪያ ቀን ጎህ ሲቀድ ወጥቶ፣ ዳር ዳሩን ቀዝፎ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 5 ሰዓት በፊት ይመለስ።